ለ17 ዓመት ሳያልቅ የቆየ የሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል፦ ቀለሙን ልግፈፈው ወይስ እንዳለ ልጨርሰው?

ጥያቄ (ከጅማ፣ ጅሬን አካባቢ)

ለሞዴል ሥራ ወዳጆች ሁሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቤት ስንቀይር ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ለ17 ዓመት ያልተከፈተ ካርቶን ወረደ። በውስጡ ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ከውጭ አገር ልኮልኝ የጀመርኩት፣ 1 ለ72 በሆነ መጠን የተዘጋጀ የእንግሊዞቹ የሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴል ነው። አካሉና ክንፎቹ ተጣብቀዋል፤ ላይኛው ገጽም አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ጎማዎቹ፣ ፕሮፔለሩና የጭስ ማውጫዎቹ ግን እስካሁን ከፕላስቲክ ማቀፊያቸው አልተላቀቁም።

ሥራውን ያቋረጥኩት በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው፣ ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በግራ በኩል የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍተት መቅረቱ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ ያሳዘነኝ፣ የአብራሪውን ክፍል መስታወት በሱፐር ግሉ አጣብቄ ባደርኩ ማግስት ጉም የለበሰ ይመስል ነጥቶ ማግኘቴ ነው። አሁን ደግሞ ተለጣፊ ምልክቶቹ ቢጫ ሆነዋል፤ ቀለሙም ወፍራምና የብሩሽ ፀጉር የቀረበት ነው።

የ11 ዓመት ልጄ ካርቶኑን ካየ ወዲህ ዕረፍት አልሰጠኝም። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ሃሪኬኖች በአገራችን ሰማይ ላይ ከጣሊያኖቹ ፊያት ሲ አር 42 ጋር መዋጋታቸውን ስነግረው፣ የእኛን ሞዴል ከእነዚያ እንደ አንዱ አድርገን እንድንጨርሰው ጠየቀኝ። ቀለሙን ሙሉ በሙሉ መግፈፍ ይሻላል ወይስ በላዩ መቀጠል? ጅማ ውስጥ በሚገኙ ዕቃዎች ምን ማድረግ ይቻላል?

ምላሽ 1 (ከአዲስ አበባ)

ይግፈፉት። ምክንያቱን በልኬት ላስረዳ። በ1 ለ72 ሞዴል ላይ አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለም፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ቢሆን ከ7 ሚሊሜትር በላይ ይሆን ነበር። የእውነተኛው ሃሪኬን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12.19 ሜትር ሲሆን የእርስዎ ግን ወደ 17 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ በዚህች ስፋት ላይ ወፍራም ቀለም የመጋጠሚያ መስመሮቹን ሁሉ ደፍኖ አውሮፕላኑን የሸክላ ዕቃ ያስመስለዋል።

ለመግፈፍ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚገኘው የፍሬን ዘይት ይበቃል። አስቀድመው ግን ከማቀፊያው ላይ ቁራጭ ቆርጠው፣ ያንኑ ቀለም ቀብተው ካደረቁ በኋላ አንድ ቀን ዘይቱ ውስጥ ያሳድሩት፤ ፕላስቲኩ ካልተሰነጠቀና ካልለሰለሰ ሞዴሉን መንከር ይችላሉ። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ይጠቡት። ጓንት ያድርጉ፤ ዕቃውንም ልጁ ከማይደርስበት ቦታ ያኑሩት። ቲነርና አሴቶን ግን በጭራሽ አያቅርቡበት፤ ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጡታል።

ምላሽ 2 (ከጅማ፣ የእንጨት ሥራ ባለሙያ)

የከተማዬ ሰው ይህን ሥራ እንደገና ማንሣቱ ከልብ አስደስቶኛል። በመግፈፉ ላይ ከአዲስ አበባው ወንድማችን በከፊል እለያለሁ። ቀለሙ የወፈረው በጥቂት ቦታ ብቻ ከሆነ በውኃ በረጠበ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መላግ ይበቃል፤ የ17 ዓመት ማጣበቂያ በዘይት ተነክሮ ቢላቀቅ ሌላ ሥራ ይተርፍዎታል።

ዋናው ነገር የእኛ አየር ነው። አሁን ሐምሌ ነው፤ እዚህ ክረምቱ ረጅም እንደ መሆኑ በቀለምና በቫርኒሽ የምንተዳደር ሁሉ እንደምናውቀው፣ እርጥበት ባለበት ቀን የተቀባ ላኬር ነጭ ደመና ያወጣል። ስለዚህ በክረምቱ የመሙላቱንና የመላጉን ሥራ ይጨርሱ፤ ቀለሙን ለኅዳር ያቆዩት፤ ያን ጊዜም ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ አየሩ ደረቅ ሲል ይቀቡ። እኔ በርጩማ ላይ ቫርኒሽ የምቀባው በዚሁ ሰዓት ነው። ቸኩሎ በነሐሴ ቀብቶ በመስከረም ከመፋቅ አራት ወር መታገሥ ይሻላል።

ለክፍተቱ ሱፐር ግሉ ጠብታ ላይ የሕፃን ፓውደር ለውሰው እንደ ሊጥ ያድርጉትና በስፒል ጫፍ ይሙሉት። በዚያው ቀን ይላጉት፤ ካደረ ከፕላስቲኩ በላይ ይጠነክርና ዙሪያውን እያጎደጎደ እሱ ብቻውን ይቀራል። ክፍተቱን ለማጥበብ ብለው ክንፉን አይጫኑት፤ በሃሪኬን መካከለኛው የክንፍ ክፍል ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ላይ ማዘንበል የሚጀምረው የውጭኛው ክፍል ብቻ ስለሆነ ቅርጹ ይበላሻል።

መስታወቱን የለበሰው ጉም የሱፐር ግሉ ትነት ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ያረፈበት ስለሆነ ላይ ላዩን ብቻ ነው። በቀጭን ቢላ ጫፍ ቀስ ብለው ያላቁት፤ ባለ 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ አርጥበው ይሹት፤ ከዚያ በጥጥ ላይ የጥርስ ሳሙና አድርገው ደጋግመው ይወልውሉት። ሲመልሱት ነጭ የእንጨት ኮላ ይጠቀሙ፤ ሲደርቅ እንደ ውኃ ይጠራል፣ ትነቱም መስታወት አያደበዝዝም።

ምላሽ 3 (ከሐዋሳ)

ስለ ቀለም አቀባቡ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ሞዴሉን ያረጀ ለማስመሰል በየቦታው የብር ቀለም ጭረት ያደርጋል። በሃሪኬን ላይ ግን ከአብራሪው ክፍል በስተኋላ ያለው አካል በብረት ቱቦና በእንጨት ዘንግ ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ቢፋቅ ብረት አያሳይም። ጭረቱ የሚፈቀደው በሞተሩ ሽፋን፣ ክንፉ ብረት ለበስ በሆነበት የሃሪኬን ዓይነትም አብራሪው ረግጦ በሚወጣበት በክንፉ ሥር ብቻ ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ሞዴል ጀርባው ላይ ቀጭን ቁመታዊ መስመሮች ካሉት፣ እነዚያ ከጨርቁ ሥር የሚታዩት የእንጨት ዘንጎች ናቸውና በብርጭቆ ወረቀት አያጥፏቸው።

ስምንቱ መትረየሶች፣ በእያንዳንዱ ክንፍ አራት አራት ሆነው፣ ከበረራ በፊት አፋቸው በቀይ ጨርቅ ይሸፈን ነበር። ጨርቁ ከተቀባ ከኋላው የጥይት ጥላሸት ሊኖር አይገባም፤ ጥላሸት ካደረጉ ደግሞ ጨርቁ ተበስቶ መታየት አለበት። ልጅዎ ይህን ቢመርጥ ደስ ይለዋል ብዬ አስባለሁ።

ቢጫ የሆኑትን ምልክቶች በላስቲክ ከረጢት አድርገው ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለሳምንታት ይለጥፏቸው፤ ቢጫው ይነጣል። ውኃ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ግን በቀጭን አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይሸፍኗቸው፤ አሮጌ ምልክት ሳይሸፈን ውኃ ሲነካው ይፈራርሳል።

የደቡብ አፍሪካውን አየር ኃይል በተመለከተ፣ የአንድን የተወሰነ አውሮፕላን ግልጽ ፎቶግራፍ ካላገኙ ከካርቶኑ ምልክቶች ባይወጡ እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ከተዋጉት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ብዛቱን የያዘው ስፒትፋየር የተባለው ሳይሆን ሃሪኬን ነበርና፣ ያም ታሪክ ለልጅ የሚነገር ነው። በግምት የተሳለ ምልክት ግን ልጁን የሌለ ነገር ያስተምረዋል።

የጠያቂው መልስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የማቀፊያውን ቁራጭ በፍሬን ዘይት አሳድሬ ዛሬ ስመለከተው ፕላስቲኩ ምንም አልሆነም፤ ቀለሙም በጣት ሲነኩት ይንከባለላል። ቢሆንም የጀርባው መስመሮች ስላሳሰቡኝ አካሉን ላለመንከር ወስኛለሁ፤ በክንፉ ላይ ግን ዘይቱን በጥጥ እቀባዋለሁ። መስታወቱን ልጄ ከምሳ በኋላ ጀምሮ በጥርስ ሳሙና ሲወለውል ዋለ፤ አሁን በግራው ሰሌዳ በኩል የአብራሪው መቀመጫ ይታያል፤ የቀኙ ይቀረዋል። ምልክቶቹን ኩሽናው መስኮት ላይ ለጥፈናል። ቀለሙን በኅዳር እንቀባለን።