22 ዓመት የፍሬን ሸራ አቧራ ስነፋ ኖሬአለሁ፤ ሳንባዬ ውስጥ ምን ቀርቶ ይሆን?

ታምቡር ፈቺው፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ነው የምሠራው። በ1995 ዓ.ም. በ16 ዓመቴ መፍቻ አቀባይ ሆኜ ገባሁ፤ ዛሬ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሥራ ሁሉ በእኔ እጅ ነው።

ሥራውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የኢሱዙ የኋላ ጎማ ይፈታል፣ ታምቡሩ (የፍሬን ሸራውን የሚሸፍነው ክብ ብረት) ዙሪያውን በመዶሻ መታ መታ ይደረግና ይወጣል። ውስጡ ቡና ከተወቀጠ በኋላ ሙቀጫ ላይ እንደሚቀረው ያለ ልም አቧራ ተጣብቆ ይገኛል፤ ቀለሙ ግን ግራጫ ነው። እሱን በኮምፕረሰር እንነፋዋለን። ቡልል ብሎ ይነሳና ጋራዡን ይሞላዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትገባ ብናኙ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲንሳፈፍ ይታየኛል፤ ምሳዬን በልቼ ስመለስም እዚያው ነው። አዲሱ ሸራ አልገባ ሲል ደግሞ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አለ።

መከላከያችን ሁለት ነገር ነው፤ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅና ወተት። አሠሪያችን በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ያቀርብልናል። አቧራውን ያጥባል ይባላል፤ እኔም አምኜ ስጠጣ ኖሬአለሁ።

ባለፈው ወር ሶማሌ ተራ ሸራ ልገዛ ሄጄ ካርቶኑ ላይ አስቤስቶስ የለበትም የሚል ጽሑፍ አየሁ። ሻጩን «የለበትም ከተባለ ያለበት አለ ማለት ነው?» ብለው ሳቀና «እስከዛሬ ስትወስድ የኖርከው ምን መሰለህ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ደረቅ ሳል ከያዘኝ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ሲጋራ በቀን አምስት ስድስት አጨሳለሁ፤ አልዋሽም። ከጎናችን ያለው የላሜራ ሠራተኛ ደግሞ የሚኒባስ መከላከያ በፋይበር እየለጠፈ ይፍቃል፤ የእሱ ብናኝ አንገቴን ሲያሳክከኝ ያድራል። የቱ ነው የባሰው? ቱታዬን የምታጥበው ባለቤቴ ናት፤ ከማጠቧ በፊት ደጃፍ ላይ ታራግፈዋለች። የሁለት ዓመት ልጃችን አጠገቧ ነው የምትጫወተው። ዋናው ጥያቄዬ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የአባቱ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ብዙ አትጨነቅ። አባቴ ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርቶ ሰማንያ አልፎታል። ወተትና ማር አታጓድል፣ ጠዋት ጠዋት ፌጦ ቅመስ። አቧራ ያልዋጠ ሠራተኛ የለም።

ጡረተኛዋ ሲስተር፦

የአባቱ ልጅ፣ አባትህን እግዚአብሔር ያቆይልህ፤ ነገር ግን የዱቄት አቧራና ይህ አቧራ አንድ አይደሉም። ታምቡር ፈቺው፣ ወተቱን ጠጣ፣ ለአጥንትህ ይጠቅማል። ሆኖም ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፣ አቧራው የሚወርደው ወደ ሳንባ። ሁለቱ ተገናኙ ማለት ትን አለህ ማለት ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በደረት ክሊኒክ ነርስነት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው፤ ድንጋይ ሆኖ ሳለ እንደ ቃጫ ይፈተላል። ክፋቱም ከዚሁ ይመነጫል። ቃጫ በቁመቱ ስትሰነጥቀው እየቀጠነ እየቀጠነ እንደሚሄድ ሁሉ፣ አስቤስቶስም ሲፈጭ ርዝመቱን ሳይለቅ ይቀጥናል። የሰው ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ሐኪሞች የሚፈሩት ጭረት (ቀጭን የአስቤስቶስ ክር ማለቴ ነው) ከ3 ማይክሮን የቀጠነውን፣ ከ5 ማይክሮን የረዘመውን ነው። ቀጭን ስለሆነ ከአየሩ ጋር ተስተካክሎ እንደ ቀስት እስከ ሳንባ መጨረሻ ይገባል። እዚያ የሚጠብቁት ጽዳት ሠራተኛ ሕዋሳት ተራውን ብናኝ ውጠው ያስወግዱታል። ረጅሙን ጭረት ግን ዶሮ ገመድ ልትውጥ ስትታገል እንደምታየው ነው፤ ግማሹ አፏ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ሕዋሱ እየታገለ የሚረጨው ኬሚካል የራሳችንን ሥጋ ያቆስላል፤ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፤ ሳንባም እንደ ደረቀ ቆዳ አልዘረጋ ይላል። አስቤስቶሲስ የሚባለው ይህ ነው። የሳንባ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ የተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰርም አሉ፤ ሜሶቴሊዮማ ከ20 እስከ 50 ዓመት አድብቶ የሚወጣ ነው።

የጎረቤትህ ፋይበር መስታወት ነው። መስታወት የሚሰበረው በአግድም ነው፤ ያጥራል እንጂ አይቀጥንም። አብዛኛው ወፍራም ስለሆነ አንገትህ ላይ ተሰክቶ ያሳክካል፣ አፍንጫና ጉሮሮ ያስቆጣል፣ ወደ ጥልቁ ሳንባ ግን እምብዛም አይደርስም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አስቤስቶስን በመጀመሪያው ምድብ፣ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠው ጋር ነው ያስቀመጠው፤ እንዲህ ያለውን መስታወት ደግሞ ሦስተኛው ምድብ፣ ማስረጃ ካልተሟላበት ጋር። የሚያሳክክህ ይበልጥ የሚጎዳህ ይመስልሃል፤ እዚህ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አስቤስቶስ አያሳክክም፣ አይሸትም፣ አያስነጥስም።

አሁን ትንሽ ላረጋጋህ። ፍሬን ውስጥ የሚገባው ነጩ፣ ክሪሶታይል የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከሰማያዊውና ከቡናማው ይልቅ ሳንባ ውስጥ የመቆየት አቅሙ ያንሳል። በዚያ ላይ የፍሬኑ ግለት አብዛኛውን ለውጦ ጭረትነቱን ያጠፋዋል። በመካኒኮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በማዕድን ቆፋሪዎችና በመርከብ ሠሪዎች ላይ የታየውን ያህል ሜሶቴሊዮማ አላገኙም። ምንም የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። አዲሱ ሸራ ገና አልጋለም፤ ስለዚህ ከታምቡሩ አቧራ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የብርጭቆ ወረቀትህ ነው።

ሲጋራውን ዛሬ ጣል። በአሜሪካ የሙቀት መከላከያ ሠራተኞች ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ጥናት እንዲህ ይላል፦ ሁለቱንም ያልነካው ሰው በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ 1 ቢባል፣ አስቤስቶስ ብቻ የነካው 5፣ የሚያጨሰው 11፣ ሁለቱን የደረበው ከ50 በላይ ነው። ያለፈውን አቧራ ማውጣት አትችልም፤ ሲጋራው ግን በእጅህ ነው።

ሳሉን በተመለከተ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል በእኛ አገር መጀመሪያ ለቲቢ የአክታ ምርመራ ነው። አስቤስቶሲስ በሦስት ሳምንት ሳል አይጀምርም፤ መጀመሪያ የሚታየው ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር ነው። ሐኪሙ ሥራህን ባይጠይቅህ አንተው ንገረው፤ የራጅ ወረቀቱ ላይ ይጻፍልህ። ራጁ ንጹሕ ቢሆን ደግሞ ለዘለዓለም ነጻ ነኝ አትበል፤ ጠባሳው ዘግይቶ ነው የሚታየው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰዋችን «የሳንባ ነቀርሳ» ሲል ቲቢን ነው፣ «ነቀርሳ» ብቻ ሲል ደግሞ ካንሰርን። በዚህ ቃል ደንግጦ የሚድን ሕመሙን ይዞ ቤቱ የቀረ ሰው አይቻለሁ። ደግመህ ጠይቅ።

ቱታውን ያቆየሁት ረዥም ስለሆነ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ማሪላንድ ያለሁት፦

ሲስተር እስክትመለስ ስለ ሥራው ልናገር። እኔም መርካቶ አካባቢ ነው የተማርኩት፤ እዚህ ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም፤ ታምቡር ከፍቼ የአየር ቱቦውን ሳነሳ አለቃዬ ከሌላኛው ጥግ ጮኸብኝ። የሰበርኩት ነገር ያለ መሰለኝ። እዚህ አገር ፍሬን በአየር መንፋት ክልክል ነው።

የምናደርገው ቀላል ነው። ከታምቡሩ ሥር ሰፊ ሳፋ እናስቀምጣለን፤ ታምቡሩን ገና ላላ ስናደርገው ውሃና ሳሙና በትንሽ ግፊት እንረጭበታለን። አቧራው ጭቃ ሆኖ ሳፋው ላይ ይወርዳል። በጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቁ እርጥብ እንዳለ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ይጣላል። ዋናው ነገር እንዳይደርቅ ነው። የመጥረጊያና የኮምፕረሰር ሥራ የለበትም። ይህን ለማድረግ ዶላር አያስፈልግም፤ ሳፋና የመርጫ ጠርሙስ ይበቃል።

ጨርቁን ደግሞ እርሳው። ተራው የሐኪም ማስክም በጎኑ ያስገባል። ፊት ላይ ግጥም የሚል፣ ኤፍኤፍፒ3 የሚባለው ነው የሚረዳው፤ ጢም ካለህ እሱም ያሾልካል። አሜሪካ ክሪሶታይልን ሙሉ በሙሉ ለማገድ የወሰነችው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ አውሮፓ ኅብረት በ2005 ጨርሶ ነበር። ስለዚህ አሮጌ መኪና ስንከፍት አሁንም ያለበት ነው ብለን ነው የምንጀምረው።

ስፌት ላይ ያለሁ፦

ይቅርታ፣ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ከፈይ መሳይ ጨርቅ እቆርጣለሁ፤ ናይለን ነው። ማታ አፍንጫዬን ስናፈጥ የጨርቁ ቀለም ይወጣል። እኔንስ ይመለከተኛል?

ጡረተኛዋ ሲስተር፦

እህቴ፣ አፍንጫሽ የያዘው እዚያው ቀርቷል ማለት ነው፤ ያልያዘው ነው ጥያቄው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካናዳና በአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ናይለንን አድቅቀው ጨርቅ ላይ የሚለጥፉ ፋብሪካዎች ሠራተኞች በሳንባ መቆጣት ታመው ነበር። ጭረቱ ሲቆረጥ የሚተወው ደቃቅ ፍርፋሪ ነው የገባባቸው። ከሥራው ከራቁት አንዳንዶቹ ተሽሏቸዋል። የአንቺ የመቁረጥ ሥራ ያን ያህል አቧራ የለውም፤ መስኮት ክፈቺ፣ መቀሱ የተሳለ ይሁን፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ታዪ።

አሁን ወደ ቱታው። እ.ኤ.አ. በ1960 በደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ኬፕ፣ ሰማያዊው አስቤስቶስ ከሚወጣበት አካባቢ፣ 33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከእነሱ ብዙዎቹ ማዕድን ቆፍረው አያውቁም፤ በልጅነታቸው በአካባቢው የኖሩ ነበሩ። በኋላ በሌሎች አገሮችም የባላቸውን የሥራ ልብስ ያጠቡ ሴቶች ታመው ተገኝተዋል። የአንተ መጠን ያን ያህል አይደለም፤ መንገዱ ግን ያው ነው። ቱታህ ጋራዥ ይቅር። መታጠብ ሲኖርበት ሳይራገፍ፣ ረጥቦ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ይምጣ፣ ከልጅቷ ልብስ ጋር ሳይቀላቀል በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይግባ። አንተም እጅህንና ፊትህን ሳትታጠብ ልጅህን አትቀፍ።

ታምቡር ፈቺው፦

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሪላንድ ያለኸውም እንዲሁ። የአክታ ውጤቴ ሐሙስ ይደርሳል። ቱታው ዛሬ ጋራዥ ሚስማር ላይ ቀረ፤ ባለቤቴ በር ላይ ስታየኝ «ከሥራ ተባረርክ እንዴ?» አለች። ሳፋ ገዛሁ፣ ሠማያዊ ነው፣ የልጆች መታጠቢያ የሚመስል። መፍቻ አቀባዩ ልጅ ሳቀብኝ። እሱም 16 ዓመቱ ነው። ኮምፕረሰሩን ባነሳ ቁጥር «ሲስተር አየችህ» እያልኩት ነው፤ ማን እንደሆንሽ ባያውቅም ይመልሰዋል።