ፎቶ ኤዲት ከየት ልጀምር? ላፕቶፔ 4 ጂቢ ራም ነው፣ ያለሁት ጅማ

የመንቲና ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። እስካሁን ሥራዬ ደንበኛ መቀበል፣ ጉርድ ፎቶ መቁረጥና ሒሳብ መያዝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ባለቤቱ "ኤዲት ከቻልሽ ዘንድሮ የምርቃት ፎቶዎቹን ላንቺ እሰጥሻለሁ" አለኝ። ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን አልችልም። አምና ከፍዬ ለአንድ ወር የማታ ኮርስ ገብቼ ነበር፤ አስተማሪው ፎቶሾፕን ከፍቶ የቁልፎቹን ስም ከላይ እስከ ታች ሲነግረን፣ እኛም ደብተር ላይ ስንገለብጥ ወሩ አለቀ። አንድም ፎቶ በእጄ ሳልነካ ሰርተፊኬት ተሰጠኝ።

አንዱ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ጀምሪ ይለኛል፣ ሌላው ስልክ ይበቃል ይላል። ዩቲዩብ ሁለት ሰዓት አያለሁ፣ ዳታዬ ያልቃል፣ ራሴ ልሞክር ስቀመጥ ግን ከየት እንደምነሳ ይጠፋኛል። ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ምርቃቱ ሁለት ወር ይቀረዋል። በናታችሁ በምን ልጀምር?

ባለ ካሜራው፦
እህቴ አይዞሽ፣ ሁለት ወር ይበቃል። ደብተሩን ለጊዜው አስቀምጪው። የቁልፍ ስም የሚገባሽ ቁልፉ ሲያስፈልግሽ ነው።

አንድ ፎቶ ምረጪ። ራስሽ ያነሳሽው፣ ምኑ እንዳልጣመሽ የምታውቂው ይሁን። ከዚያ ምንም ሳትነኪ ለራስሽ ንገሪ፦ ፊቷ ጨልሟል፣ ከኋላ የቆመው ሰው ይረብሻል፣ ሁሉ ነገር አረንጓዴ መስሏል። እነዚህ ሦስቱ ቅሬታዎች ሦስት ትምህርት ናቸው። ዩቲዩብም የምትከፍቺው ያኔ ነው፣ ለዚያች አንዲት ቅሬታ መልስ ፍለጋ። እኔ ጋ ተማሪ ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከክሮፕ (ፎቶ መቁረጥ)፣ ከከርቭ (መስመር እየሳቡ ብርሃንና ቀለም ማስተካከል)፣ ከዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ እንዲመስል ቀለሙን ማስተካከል) እና ከሌየር ሌላ አላስነካም።

ሌየር ማለት ፎቶው ላይ ግልጽ ላስቲክ አልብሰሽ በላስቲኩ ላይ እንደመሥራት ነው። ካልወደድሽው ላስቲኩን ታነሺዋለሽ፣ ፎቶው ከነነፍሱ አለ። ማስክ ደግሞ ላስቲኩ የት ቦታ እንዲታይ የምትወስኚበት ነው፤ ነጭ ስትቀቢ ይታያል፣ ጥቁር ስትቀቢ ይደበቃል። ይህቺ ነገር የገባችው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል ብዬ አምናለሁ።

አረንጓዴው ነገር ደሞ ጅማ ላይ የምር ችግር ነው። ተመራቂውን ሳር ላይ ዛፍ ሥር ስታቆሚው ከቅጠሉና ከሳሩ የሚመለሰው ብርሃን አገጭና አንገቱ ላይ ያርፋል፣ ቦታው ላይ ሆነን ዓይናችን አይቶ ያልፈዋል፣ ካሜራው ግን ይይዘዋል። ፎቶሾፕ ከርቭ ውስጥ ሦስት የጠብታ መምጠጫ ምልክቶች አሉ። የመሃለኛዋን ይዘሽ ግራጫ ነገር ላይ ንኪ፣ አስፋልት ወይም የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ። ነጭ ሸሚዝን ብዙ አትመኚው። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጭ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል። አገጩ ላይ የቀረ አረንጓዴ ካለ አዲስ የከርቭ ሌየር ከፍተሽ አረንጓዴውን መስመር ትንሽ ዝቅ አድርጊ፣ ማስኩን ጥቁር አድርገሽ አገጩን ብቻ በነጭ ቀቢ።

ከአዌቱ ማዶ፦
ስለ ላፕቶፑ ልናገር። የአሁኑ ፎቶሾፕ ቢያንስ 8 ጂቢ ራም ይፈልጋል፣ ባንቺ ማሽን ላይ ትምህርቱን ያስጠላሻል። ፎቶፒያ የሚባለውን በብሮውዘር ክፈቺ። ነጻ ነው፣ አቀማመጡም አቋራጭ ቁልፎቹም ከፎቶሾፕ ጋር በጣም ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ነገ ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጪ እንግዳ አይሆንብሽም። ገጹ አንዴ ከተከፈተ ሥራው የሚካሄደው እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ ነው፣ ፎቶሽ የትም አይላክም። ዳታውን አጥፍተሽ መቀጠል ትችያለሽ፣ ገጹን ብቻ አትዝጊው። መብራት ስለማይታመን በየአሥር ደቂቃው በፒኤስዲ (ሌየሮቹን እንዳሉ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) አስቀምጪ።

ጊምፕ የሚባል የፎቶ ፕሮግራምም አለ። እሱም ነጻ ነው፣ አንዴ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 3.0 ላይ ብዙዎቹን ፊልተሮች ከሠራሽ በኋላም ተመልሰሽ ማስተካከል ትችያለሽ፣ ድሮ ይህ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም) አትጫኚ። እኔ ጭኜ ቫይረስ ገባብኝና የአንድ ሙሽራ ፎቶ ሙሉው ተቆለፈ። ኮፒ አልነበረኝም። የሙሽራይቱን እናት ፊት እስከዛሬ አልረሳውም። በክራክም ሆነ ያለ ክራክ፣ ኦሪጅናሉን ሌላ ቦታ ሳትገለብጪ ኤዲት አትጀምሪ።

ጅሬን፦
እኔ የማዝንበትን ልናገር። የምርቃት ፎቶ ላይ ልጆቻችንን እያነጣናቸው ነው። ደንበኛ መጥቶ "ትንሽ ቀላ አድርጊልኝ" ይልሻል። አብዛኛውን ጊዜ የፈለገው ቅላት አይደለም፣ ፊቱ ጨልሞ ስለወጣ ነው። ጥቁር ኮፍያው ግንባሩ ላይ ጥላ ጥሏል፣ ከኋላው ሰማዩ ነጭ ነው፣ ካሜራው ሰማዩን አይቶ ፊቱን አጨለመው። የጎደለው ብርሃን ነው። እሱን ስጪው፣ ቆዳውን አትቀይሪበት።

እንዲህ አድርጊ፦ የከርቭ ሌየር ክፈቺ፣ መስመሩን ከመሃል ትንሽ ወደ ላይ ሳቢ፣ ማስኩን ጥቁር አድርጊው። ከዚያ ብራሽሽን ለስላሳ አድርገሽ ኦፓሲቲውን (የሚቀባውን ጉልበት) ወደ 10 በመቶ አውርጂ፣ ግንባሩን፣ የጉንጩን ከፍታ፣ ዓይኑ ሥር ያለውን ጥላ ቀስ እያልሽ በነጭ ቀቢ። አንዴ ብታልፊበት ምንም የተለወጠ አይመስልም፣ አምስቴ ስታልፊበት ፊቱ ይከፈታል። የሌየሩን የዓይን ምልክት እያጠፋሽና እያበራሽ አነጻጽሪ። ሰውየው ሌላ ሰው ከመሰለ አልፈሻል ማለት ነው።

ብጉር ለማጥፋት ባዶ ሌየር ላይ በሂሊንግ ብራሽ (እንከኑን በአካባቢው ቆዳ በሚሸፍነው) ሥሪ፣ ከሥር ካሉት ሌየሮች ሁሉ እንዲወስድ አዘሽው። ጊዜያዊ የሆነውን አንሺ። ማርያም የሳመችውንና ጠባሳውን ግን ሳትጠይቂ አትንኪ። እናቱ የምታውቀው በሱ ነው። ብለርን (የሚያደበዝዘውን) ደግሞ ፊት ላይ ጨርሶ ተዪው፣ ቆዳው ፕላስቲክ ይመስላል።

ባጃጅ ላይ፦
ላፕቶፕ በማይኖርሽ ሰዓት ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ አፕ ስልክሽ ላይ ይኑር። ነጻ ነው፣ ያለ ዳታም ይሠራል፣ ያደረግሽውን እያንዳንዱን ነገር ወደ ኋላ ተመልሰሽ ታስተካክያለሽ። እኔ ከርቭ የገባኝ ከቤት ወደ ሥራ ባጃጅ ውስጥ በስልክ እየሞከርኩ ነው።

የመንቲና ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሥር ቀን አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ቆየሁ፣ የታናሽ እህቴን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ጥላ ውስጥ ቆማ ግቢው ከኋላዋ ነጭ ሆኖ የወጣበትን። ሰባት ጊዜ ከመጀመሪያው ሠራሁት። ማስክ ገባኝ! ሰባተኛውን ለባለቤቱ ሳሳየው ዝም ብሎ ቆየና "አትሚው" አለ። ስክሪኑ ላይ የሚያምረው ፎቶ ግን ሲታተም ጨለማ ሆነ። ምንድን ነው ያጠፋሁት?

ባለ ካሜራው፦
ጎበዝ! ምንም አላጠፋሽም። የስክሪንሽ ብርሃን ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ይሆናል፣ ወረቀት ደግሞ ከራሱ ብርሃን የለውም። የታተመውን መስኮት አጠገብ ይዘሽ ስክሪኑ እሱን እስኪመስል ብርሃኑን ቀንሺና እንደገና ኤዲት አድርጊ። ቀለሙ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የቀለም ዓይነት) ላይ ይሁን። 10 በ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል ሲሰላ 1181 በ 1772 ፒክሰል መሆኑን እዪ፣ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ይደበዝዛል። ወረቀት እንዳታባክኚ ሙሉውን አታትሚ፣ ፊቷን ብቻ ቆርጠሽ ሦስት የተለያየ ብርሃን በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሪና አትሚ።

የመንቲና ልጅ፦
እሺ ጋሼ። ብርሃኑን ከግማሽ በታች አውርጄዋለሁ፣ ሦስቱንም ደርድሬአለሁ። አሁን መብራት የለም። ጠዋት ሲመጣ አትሜ የትኛው እንደሆነ እነግራችኋለሁ።