የመታጠቢያ ቤቴ ውሃ ጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ለኮንትራክተሩ ቀሪውን 30 ሺህ ልክፈል?

ባለ ሦስተኛ ፎቅ

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ የእናቴ ነው። ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ሲላት እህቴ ጋ ገባች፤ እኔና ልጄ ቀረን። መታጠቢያ ቤቱ ከርክክቡ ጀምሮ ተነክቶ አያውቅም። ሴራሚኩ ተሰነጣጥቋል፣ የሻወሩ ጥግ ጠቁሯል። እቁቤ ሲደርሰኝ ላሠራው ቆረጥኩ።

ኮንትራክተሩን ያገናኘችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የእሷን ኩሽና ሠርቶላታል። ሄጄ አየሁት፣ ቆንጆ ነው። (ኩሽና ውስጥ ግን ማንም ሻወር አይወስድም። ይሄ አሁን ነው የገባኝ።) ዕቃውንም የእጁንም ጠቅልሎ በ160 ሺህ ብር ተስማማን። 80 ሺህ ቀብድ፣ ሴራሚኩ ሲለጠፍ 50 ሺህ፣ ሲያልቅ 30 ሺህ። ውላችን በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ የሁለታችን ፊርማ አለበት፣ ምስክር የለበትም። «በ12 ቀን ጨርሼ ለፋሲካ አስረክብሻለሁ» አለኝ። ሰባት ሳምንት ፈጀበት። የፋሲካ ዋዜማ ልጄን ይዤ ገላችንን ለመታጠብ እህቴ ቤት ሄድን።

ሲያልቅ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ነጭ ሴራሚክ፣ አዲስ ሲንክ፣ መስታወቱ ባለ መብራት። ጓደኞቼን ጠርቼ አሳይቻለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ከታች ያሉት ጋሼ በሩን አንኳኩ። ጡረተኛ ናቸው፣ ጨዋ ሰው። በዚህ ሁሉ ዓመት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። «ልጄ፣ እስቲ አንዴ ውረጂና እዪልኝ» አሉኝ። ወረድኩ። መታጠቢያ ቤታቸው ጣሪያ ላይ የምጣድ አክንባሎ የሚያህል ቢጫ እድፍ ወጥቷል። መሃሉ ላይ ቀለሙ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠዋል። ጠብ ስትል ሁለታችንም ዝም ብለን ሰማናት። የምገባበት ጠፋኝ።

ሁልጊዜ አይደለም የሚያንጠባጥበው። እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ጋሼ በሥራ ዘመናቸው ሒሳብ ሠራተኛ ስለነበሩ ግድግዳቸው ላይ ባለው ካላንደር እየመዘገቡ ይዘውታል፦ ውሃ በመጣበት ቀንና በማግስቱ ነው።

ለኮንትራክተሩ ስደውል መጀመሪያ «ሲሊኮን ያንሰው ይሆናል እህቴ» አለና አንድ ልጅ ላከ። ልጁ ጥጋጥጉን ቀብቶ ሄደ። ምንም ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ «ቀሪዋን 30 አስገቢና መጥቼ አየዋለሁ» ሆኗል ነገሩ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስልክም አያነሳም።

ከፍዬው ይምጣ? ወይስ ሌላ ባለሙያ አምጥቼ ላስፈርሰው? ጋሼን ደረጃ ላይ ሳገኛቸው መሬት መሬት ማየት ሰልችቶኛል።

የአዋሬ ልጅ

እንዳትከፍዪ! ያ 30 ሺህ እጅሽ ላይ እስካለ ድረስ አንድ ቀን ስልክ ያነሳል። ካስገባሽለት ግን ሲም ካርዱንም ይቀይራል። ከራሴ ነው የምነግርሽ።

ውሃ ልክ

እህቴ፣ ሴራሚክ ስለጥፍ 19 ዓመቴ ነው። መዶሻ ከመነሣቱ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቂ። ከሦስት አንዱ ነው፦ የሚገባው ቧንቧ፣ የሚወጣው ፍሳሽ፣ ወይ ወለሉ ራሱ።

«ውሃ በመጣ ቀን ነው» ስትዪ ብዙ ሰው ቧንቧው ነው ይልሻል። አትቸኩዪ። ውሃ በመጣ ቀን ልብስ ታጥቢያለሽ፣ ወለል ታጥቢያለሽ፣ ልጅሽም ሻወር ውስጥ ይቆያል። በሌላው ቀን ግን በጆግ ትለቃለቃላችሁ። ስለዚህ ፍሳሹም ሊሆን ይችላል።

ማክሰኞ ውሃ ሲመጣ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝጊ። ሮቶ ካለሽ የእሱንም መግቢያ ዝጊ። የሽንት ቤቱ ሳጥን ሞልቶ ጸጥ ይበል። ከዚያ ቆጣሪውን ፎቶ አንሺ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድገሚ። ቁጥሩ ከሄደ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ያፈስሳል። ካልሄደ ቧንቧውን ለጊዜው ተዪው።

ቀጥሎ የወለሉን ፍሳሽ ቀዳዳ በፌስታል በተጠቀለለ ጨርቅ ድፈኚ። በሩ ሥር ፎጣ ጠቅጥቂ። ወለሉን ሁለት ጣት ያህል ውሃ ሙዪና ልኩን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሪ። 24 ሰዓት ማንም አይግባበት። ውሃው ከመስመሩ ከወረደና ጋሼ ጋ ከታየ፣ ወለሉ ነው የሚያስገባው። ካልወረደ ጨርቁን ንቀይና ባንዴ ይፍሰስ። ያኔ ካንጠባጠበ ጥፋቱ ፍሳሹ ላይ ነው። ጋሼን ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ዝናብ በላያቸው ላይ ልታወርጂባቸው ትችያለሽ።

ሲሊኮኑን እርሺው። በሴራሚኩ መሃል የሚሞላው ግራውትም ቢሆን ውሃ አያቆምም። የሚያቆመው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው ዋተር ፕሩፍ ነው። ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛው በተቃራኒ አቅጣጫ። ግድግዳው ላይም አንድ ስንዝር ያህል ይወጣል፣ ሻወሩ ጋ ደግሞ እስከ ሰው ቁመት። ሲቀባ አይተሻል? ደግሞስ አሮጌው ሴራሚክ ተነሥቷል ወይስ በላዩ ነው የተለጠፈው?

ባለ ሦስተኛ ፎቅ

በላዩ ነው። እውነቱን ልናገርና እዚህ ላይ እኔም አለሁበት። ፍርስራሹን በማዳበሪያ ሞልቶ ከሦስተኛ ፎቅ ለማስወረድ 15 ሺህ ብር ተጨማሪ ጠየቀኝ። «በላዩ ላይስ አይሆንም?» አልኩት። «ይሆናል፣ እንዲያውም ይጠነክራል» አለኝ። ወለሉ ከፍ ስላለ በሩ አልከፈት ብሎ ከሥሩ ቆረጡት። ዋተር ፕሩፉን ከጠየቅከኝ አንድ ነጭ ባልዲ አይቻለሁ። ተከፍቶ ግን አላየሁም። ቀን ቀን ሥራ ነኝ።

ውሃ ልክ

በላዩ ላይ መለጠፍ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ አሮጌው አጥብቆ ከያዘና ክብደቱ ከታሰበበት። ግን ወለል ከፍ ሲል የፍሳሹ አፍም አብሮ ከፍ ማለት አለበት። እሱን ነው ብዙዎቹ የሚረሱት። ሙከራውን አድርጊና ጻፊልን።

ሳይት ላይ ነኝ

እኔ ኮንትራክተር ነኝ። ስድቡን አስቀድሜ ተቀብያለሁ።

12 ቀን ማለቱ ውሸት ነው። ሥራ ለማግኘት እንዲህ እንላለን፤ እኔም ብዬ አውቃለሁ። ስልክ ያላነሣው ምናልባት ብሩ አልቆበት ነው። የአንዱን ቀብድ ለሌላው ሳይት ዕቃ መግዣ ማድረግ የኛ ሙያ በሽታ ነው። ቀሪዋን ክፈዪኝ የሚልሽም ያቺን ብር ሌላ ሰው ስለሚጠብቃት ይሆናል። ይሄን የምለው ላዝንለት ብዬ አይደለም። ግን ጥፋቱ በማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሌባ ነው አትበሉ። በላዩ ይለጠፍ ያለችው አሠሪዋ ናት። የኔ ስህተት የምለው «ይሆናል» ማለቱን ነው። አይሆንም ብሎ ሥራውን ማጣት ነበረበት።

አንድ ምክር፦ እሱ በሌለበት በሌላ ሰው እንዳታስከፍቺው። ሌላ እጅ ከነካው «ያበላሸው እሱ ነው» ይልሻል። እኔም ብሆን እላለሁ።

የኮሚቴ ጸሐፊ

ከላይ ወንድሜ መጨረሻ ላይ ያለው ነገር ልክ ነው። እኛ ብሎክ እንዲህ ያለ ነገር በየወሩ ይመጣብናል።

ሕጉን ለማወቅ ያህል፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ በአግባቡ ስለመሠራቱ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ለአንድ መታጠቢያ ቤት ፍርድ ቤት ተመላለሺ ማለቴ አይደለም። ግን ቁጥሩን ጠቅሰሽ ስትጽፊለት አነጋገሩ ይቀየራል፣ አይቼዋለሁ።

በስልክ መጨቃጨቁን ተዪና በጽሑፍ ላኪለት። ቴሌግራምም ይበቃል፣ ቀኑ ይታያል። «አልከፍልም» እንዳትዪ። «ጉድለቱ ሲታረም ቀሪውን እከፍላለሁ» በዪ። አልከፍልም ካልሽ ውል ያፈረስሽው አንቺ ትመስያለሽ። የባንክ ማስተላለፊያዎቹን፣ የጣሪያውን ፎቶ፣ የጋሼን ካላንደር ሁሉ አስቀምጪ። (ካላንደሩ ወርቅ ነው። እንደ እሳቸው ያለ ጎረቤት ስጠኝ።)

የጋሼን ጣሪያ ማሳደስ ግን ያንቺ ነው። እሳቸው ኮንትራክተር አያውቁም፣ የሚያውቁት አንቺን ነው። ከእሱ ጋር ያለሽን ሒሳብ እዚያው ከእሱ ጋር ጨርሺ።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ

ተመለስኩ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ማክሰኞ ቆጣሪውን አየሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ንቅንቅ አላለም። ቅዳሜ ጠዋት ወለሉን ሞላሁ። ልጄን እህቴ ጋ ላክኋት። ጋሼ ወንበር አውጥተው መታጠቢያ ቤታቸው በር ላይ ተቀመጡ፤ በየሁለት ሰዓቱ እየደወሉ «ደረቅ ነው» ይሉኛል። የሬዲዮ ዜና ነው የሚመስለው። እሑድ ጠዋት ውሃው የእርሳሱ መስመር ላይ እንደቆመ ነው። ጨርቁን ነቀልኩት። ውሃው እየተሽከረከረ ገባ። ገብቶ ሳያልቅ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ መጣ!»

ቪዲዮውንና የቁጥር 3039ን ነገር ለኮንትራክተሩ ላክሁለት። ባልደረባዬም ደወለችለት፤ ምን እንዳለችው አልጠየቅኋትም። ሰኞ ከሥራ ስመጣ ደረጃው ላይ መሮና መዶሻ ይዞ ጠበቀኝ።

በፍሳሹ ዙሪያ አራት ሴራሚክ አነሣ። ጋሼም የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ወጡ። ጎንበስ ብለን ሦስታችንም አየን። አዲሱ ፍሳሽ አፉ ቆንጆ ነው፣ ብረቱ ያብረቀርቃል። ከሥሩ ግን የድሮው ቧንቧ ጋ አይደርስም። ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ፤ መሃሉን በሲሚንቶ ጠቅጥቀውታል። ሲሚንቶው ተሰንጥቋል። የምንታጠብበት ውሃ ግማሹ ወደ ቧንቧው፣ ግማሹ ወደ ጋሼ ነበር የሚሄደው። ውሃ ልክ፣ ሳታየው ነው የነገርከኝ።

ኮንትራክተሩ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ይሄን የሠራው ልጅ አሁን እኔ ጋ የለም» አለ። ጋሼ ባትሪያቸውን ሳያጠፉ «አንተ ግን አለህ» አሉት። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

በማግስቱ ከተክለሃይማኖት ቁራጭ ቧንቧና መገጣጠሚያ ገዝቶ መጣ። አገናኘው፣ ዙሪያውን ዋተር ፕሩፍ ቀባ። ባልዲው ሲከፈት በዓይኔ አየሁ፣ ሥራ ቀርቼ። ሲደርቅ ሁለተኛ ቀባ። ሴራሚኩ ከመመለሱ በፊት እንደገና ውሃ ሞልተን ለቀቅነው። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ደረቅ ነው።

30 ሺው ላይ እንዲህ ተስማማን፦ 10 ሺህ ለጋሼ ጣሪያ ልስንና ቀለም ይቀራል፣ 20 ሺው ሴራሚኩ ተመልሶ ሲያልቅ ይከፈለዋል። ፊቱ ጠቁሯል፣ ግን ፈርሟል። አሁን ምስክርም አለበት፣ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ የተሰበረው ሴራሚክ አራት ነው። ለመለዋወጫ የተረፈኝ ሁለት። ተመሳሳዩን የት አገኛለሁ?

ውሃ ልክ

ከገዛበት ሱቅ ጀምሪ። ስሙን ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ያው ሞዴል ሆኖ የተመረተበት ዙር ከተለየ ነጩ ነጭ አይገጥምም። ካርቶኑ ጎን ላይ የታተመ ቁጥር አለ፣ እሱ ነው የሚያስፈልግሽ። ካጣሽ ደግሞ አራቱንም በሌላ ቀለም አድርጊያቸው፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ካርቶኑን አልጣልሽውም አይደል?

ባለ ሦስተኛ ፎቅ

ጥዬው ነበር። ጋሼ ከደረጃው ሥር አንሥተው ባልዲያቸው ሥር አንጥፈውታል። ርሶ ተልጧል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች ግን ይነበባሉ። ነገ በምሳ ሰዓት ይዤው እወጣለሁ።