የሥራ ገበያ መረጃ ሥራ ፈላጊውን ይምራው ወይስ ይመድበው? (ክርክር)

ጥያቄውን ያነሳችው፦
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከርሟል። የትኛው ሙያ እየተፈለገ ነው፣ የትኛው እየቀዘቀዘ ነው፣ ሰው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል፣ ይህ ሁሉ ዛሬ ይመዘገባል። ታዲያ የሥራ አገናኝ ቢሮዎች በዚህ መረጃ ሥራ ፈላጊውን እየመዘኑ ቢመድቡት ተገቢ ነው ወይ? የእኔን አቋም ቀድሜ ልናገር። መረጃው ለሥራ ፈላጊው ይሰጠው። እሱን መፈረጃ ግን አይሁን። የማይስማማ ካለ ይሞግተኝ።

የዳታ ባለሙያ፦
እኔ አልስማማም። በስኮትላንዷ ከተማ በኤድንብራ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። 300 ሥራ ፈላጊዎች ለ12 ሳምንት፣ በየሳምንቱ እየመጡ ኮምፒውተር ላይ ሥራ ፈለጉ። ለግማሾቹ ከቀድሞ ሙያቸው ጋር የሚቀራረቡ ሌሎች ሙያዎችና የወጡላቸው ማስታወቂያዎች ይቀርቡላቸው ነበር። ዝርዝሩ የተሠራው ቀድሞ ከነበረ የሥራ ገበያ መረጃ ነው። ሰዎቹ የሚያዩት የሥራ ዓይነት ሰፋ። ለቃለ መጠይቅ መጠራታቸውም ጨመረ። በተለይ የተጠቀሙት ጠበብ አድርገው ይፈልጉ የነበሩና ሥራ ካጡ ጥቂት ወራት ያለፋቸው ናቸው። ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?

ጥያቄውን ያነሳችው፦
ያመጣኸው ምሳሌ እኮ የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው! ዝርዝሩን ያዩት ሥራ ፈላጊዎቹ ናቸው። መርጠው ያመለከቱትም ራሳቸው ናቸው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው።

ኦስትሪያን ተመልከት። የሀገሪቱ የሥራ ስምሪት አገልግሎት ነጥብ እየሰጠ ሥራ ፈላጊዎችን በሦስት የሚከፍል አልጎሪዝም (የኮምፒውተር ስሌት) አዘጋጀ። ቶሎ ሥራ የሚያገኝ፣ መሐል ላይ ያለ፣ ተስፋው ዝቅተኛ የሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ወር የመሥራት ዕድሉ ከ25 በመቶ በታች ነው የተባለ ሰው ሦስተኛው ምድብ ውስጥ ይገባ ነበር። ወጪ የሚጠይቀው ድጋፍ በዋናነት የታሰበው ለመሐለኞቹ ነበር። አሁን ነጥቡ እንዴት ይሰላ እንደነበር እይ። ሴት መሆን ብቻውን ነጥብ ይቀንስ ነበር። የምትንከባከበው ቤተሰብ ካላት ደግሞ እንደገና ይቀነስባት ነበር። ወንድ ግን ልጅ ቢያሳድግም አይቀነስበትም ነበር።

ሥርዓቱን የደገፉት ሰዎች «ገበያው ያለበትን ሁኔታ ነው ያሳየነው» ብለው ተከራከሩ። ገበያው ሴቶችን እንደሚበድል አውቃለሁ። ግን በደሉን ለክቶ፣ ቁጥር አድርጎ፣ መልሶ በራሷ በተበዳይዋ ፋይል ላይ መጻፍ ምን የሚሉት እርዳታ ነው? እ.ኤ.አ. በ2020 የሀገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን አስቆመው። ከዚያ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ።

የሥራ አገናኝ ቢሮ አማካሪ፦
ልጄ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ከጠረጴዛው ማዶ ያለነውን ሰዎችም ስሚን። ያለ መረጃ ስንሠራ እኮ አንመዝንም ማለት አይደለም። በዓይናችን እንመዝናለን። በልብሱ፣ በአነጋገሩ፣ በዕድሜው። «ይሄ ሰውዬ አይሆንለትም» ብዬ በአምስት ደቂቃ የወሰንኩባቸው ሰዎች አሉ። በኋላ ተሳስቼ ተገኝቻለሁ። የእኔን ስህተት ማንም አይቆጥረውም። የአልጎሪዝሙን ግን አንቺም መርምረሽ አገኘሽው።

ደግሞም ምዘና ሁሉ ለመንፈግ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ አሠራር አለ። ክፍለ ግዛቶች፣ ሥራ ላጣ ሰው ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጠውን ክፍያ ሥራ ሳያገኙ ሊጨርሱ የሚችሉትን ሰዎች በስሌት ይለያሉ። ከዚያ እነዚያን ሰዎች በጊዜ ወደ ድጋፍ ይመራሉ። ችግር ያለበት ሰው ወረፋው ፊት ይመጣል ማለት ነው።

ጥያቄውን ያነሳችው፦
ጋሼ፣ ይህን እቀበላለሁ። የባሰበትን ቀድሞ ለመርዳት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። አቋሜን በዚህ ላስተካክል። ነጥቡ ድጋፍ የሚጨምር ከሆነ ልስማማ እችላለሁ። የሚቀንስ ከሆነ ግን በፍጹም። አማካሪው ያርመዋል የሚለው ነገር ደግሞ እምብዛም አያሳምነኝም። ፖላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ፈላጊዎችን በሦስት መደብ መክፈል ጀመረች። ሠራተኛው ኮምፒውተሩ የሰጠውን ምድብ መለወጥ ይችል ነበር። የለወጠው ግን ከ100 ጊዜ ውስጥ አንዴ እንኳ አይሞላም። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2018 አሠራሩን ተቃወመ፣ በ2019 ቀረ። እርስዎ ሰው ሲበዛብዎት ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ይሞግቱታል?

የሥራ አገናኝ ቢሮ አማካሪ፦
እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰልፉ በር ላይ ሲደርስ አልሞግትም። ብለውጠው ማስረዳት አለብኝ። ባልለውጠው የሚጠይቀኝ የለም።

ሥራ ፈላጊ፦
እኔ የምታወሩለት ሰው ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ድርጅቱ ሲዘጋ ወጣሁ፣ ይኸው ሰባት ወር ሆነኝ። አንድ ቢሮ ሄጄ ተመዘገብኩ። ልጅቷ እየጠየቀችኝ ትጽፋለች። ስክሪኑ ወደ እሷ ዞሯል። የሆነ ነገር ወጣና ፊቷ ለወጥ አለ። «ምን ይላል?» አልኳት። «ለእኛ ነው» አለችኝ። ያቺ ቃል እስካሁን ከውስጤ አልወጣችም። ስለ እኔ ነው፣ ግን ለእነሱ ነው። ደግ ልጅ ነበረች፣ አልቀየምኳትም። ስክሪኑን ወደ እኔ ብታዞረው ግን ምን ነበረበት?

የዳታ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ የምከራከርበት ጉልበት አጣሁ። ስክሪኑ መዞር አለበት። ነጥቡም፣ ነጥቡ የመጣበት ምክንያትም ለባለቤቱ መታየት አለበት። ስህተት ካለ ደግሞ የሚያርመው እሱ ነው።

ቅጥር ክፍል የምሠራ፦
እኔ ደግሞ ስለ መረጃው ጥራት ልናገር። ሁላችሁም መረጃው ልክ እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። አንድ ክፍት ቦታ አምስት ቦታ ይለጠፋል፣ ቆጣሪው አምስት ይለዋል። ሰው ከተቀጠረ በኋላ ማስታወቂያው ሳይነሳ ይከርማል። በትውውቅ የሚሞላው ሥራ ደግሞ ጭራሽ ማስታወቂያ አይወጣለትም። ማስታወቂያ ብቻ ቆጥሮ «ይህ ሙያ ተፈላጊ ነው» ማለት ሰውን ገደል ይከታል።

ወንድሜ ስቶር ኪፐሩ፣ ለአንተ አንድ ነገር ልበል። የምትፈልገው «ስቶር ኪፐር» በሚል ስም ብቻ ነው?

ሥራ ፈላጊ፦
አዎ። ሙያዬ እሱ ነዋ።

ቅጥር ክፍል የምሠራ፦
እሱ ነው ያገተህ። ያንተን ሥራ አሁን ብዙ ድርጅት በሌላ ስም ነው የሚያወጣው። «የክምችት ቁጥጥር ሠራተኛ»፣ «የሎጂስቲክስ ረዳት»፣ «የግዥ ረዳት» ብለህ ሞክር። ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያውን) ትሞላ ነበር አይደል? ቆጠራ ትመራ ነበር? ሲቪህ ላይ «ዘጠኝ ዓመት ስቶር ኪፐር» ብለህ አትለፈው። ስንት ዓይነት ዕቃ ትይዝ እንደነበር፣ ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ምን ያህል ይገጥም እንደነበር ጻፍ። እኔ ሲቪ ሳገላብጥ የምፈልገው እሱን ነው።

ኢኮኖሚክስ ያጠና፦
ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ላንሳ። ፈረንሳይ ውስጥ በ235 አካባቢዎች ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ሥራ ያጡ የተማሩ ወጣቶች ጠንካራ ድጋፍ ተሰጣቸው። ቶሎ ሥራ አገኙ። ጥቅሙ ግን ብዙም አልቆየም፣ ከፊሉም ድጋፍ ካላገኙት ሰዎች ዕድል ላይ የተወሰደ ነበር። ክፍት ቦታው ካልበዛ፣ መረጃ ወረፋውን ነው የሚያቀያይረው።

የዳታ ባለሙያ፦
ለዚህ እኮ ነው ሁሉንም ወደ አንድ ሙያ መንዳት የሌለብን። መረጃው ሰው ያልተሻማበትን ክፍት ቦታ ማሳየት አለበት። አሠሪው ለወራት ሰው አጥቶ የሚቆይበት ቦታ አለ። እዚያ የሚገባ ሰው የማንንም ዕድል አልቀማም። ቦታው ጭራሽ ከሌለ ግን ልክ ነህ፣ ዳታ ሥራ አይፈጥርም።

ጥያቄውን ያነሳችው፦
በዚህ ተስማማን። ጋሼ፣ እርስዎስ ስክሪኑን ያዞሩታል?

የሥራ አገናኝ ቢሮ አማካሪ፦
የእኔ ጠረጴዛ ግድግዳ ተጠግቷል፣ ኮምፒውተሩ አይዞርም። ወንበሩን ግን ወደ እኔ በኩል ማምጣት እችላለሁ። ሰኞ እሞክረዋለሁ።

ሥራ ፈላጊ፦
«የክምችት ቁጥጥር» ብዬ ፈለግኩ። አራት ማስታወቂያ ወጣ። ሁለቱ እኔ የሠራሁትን ሥራ ነው የሚጠይቁት፣ አንዱ ነገ ይዘጋል። ሲቪዬን እያስተካከልኩ ነው። የቅጥር ክፍሏ እህቴ፣ የቆጠራውን ነገር የት ጋ ልጻፈው?