የጁስ ማሸጊያ፦ ጠርሙስ ይሻላል ፕላስቲክ?

ሄለን ከአዳማ፦
ሰላም ቤተሰብ። የማንጎ ጁስ አሽጌ እዚሁ ከተማ ውስጥ ለካፌና ለሱቅ ላከፋፍል ነው። ማሸጊያዬ ነገ ቦይ ዘግቶ እንዳላገኘው እፈልጋለሁ። ስለ ሰርኩላር ኢኮኖሚ፣ ማለትም ዕቃ ሳይጣል ተመልሶ ጥቅም ላይ ስለሚውልበት አሠራር፣ የማነበው ሁሉ ግን የሚያወራው ስለ ውድ ማሽን ነው። በትንሽ ካፒታል ምን ፈጠራ ይቻላል?

የጉለሌው፦
እህቴ፣ ማሽኑን ለጊዜው ተዪው። ቢራና ለስላሳ በሳጥን እንዴት እንደሚዞር እዪ። ባለሱቁ ባዶውን ካልመለሰ የጠርሙሱን ስለሚከፍል እንደ ዓይኑ ነው የሚጠብቀው። ከከተማ ካልወጣሽ ደግሞ ጁሱን ያደረሰው ባጃጅ ባዶውን ይዞ ይመለሳል። ለጠርሙሱ የምታስይዢውን ገንዘብ ብቻ በጣም አታሳንሺው፣ ሰው ጠርሙሱን ለዘይት ማስቀመጫ ያስቀረዋል።

ኬሚስቱ፦
ጠርሙሱ ጥሩ ነው፣ ግን አጠባ አለው። ሙቅ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል፣ ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ፈተና ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ቀለም የሌለው ፔት (የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ) ምረጪ። ባለቀለሙ ቀልጦ ተመልሶ ጥርት ስለማይል ገዢ ዋጋ ይሰብርበታል። ወረቀቱንም በቀላሉ በሚላቀቅ ሙጫ አስለጥፊ። ክዳኑ አያሳስብሽ፤ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ፔቱ ይሰምጣል፣ በዚያው ይለያያሉ።

ብርሃኑ ከመርካቶ፦
ኬሚስቱ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ግን ስለ ሰዎቹ ልጨምር። እዚህ አገር ዕቃ እንዲዞር የሚያደርገው ቆራሌውና የመርካቶው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ምናለሽ ተራ ነው፣ ማንም ሳያመሰግናቸው። በረባሶ ከአሮጌ ጎማ ስንት ዘመን ተሠራ! ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትጀምር ያንኑ ጎማ ይዛ ዲዛይንና የውጭ ገበያ ጨመረችበት፣ የሰፈሯም ሰው ሥራ አገኘ። ፈጠራ ለእኔ ይሄ ነው። አንቺም ከሰብሳቢዎች ጋር በኪሎ ቁርጥ ዋጋ ተነጋገሪ፣ ገበያው ሲወርድም አትቀንሺባቸው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ሲደረመስ ከመቶ በላይ ሰው አልቋል። ቆሻሻው ላይ ተስፋ አድርጎ የሚኖረው ሰው ሒሳባችን ውስጥ መግባት አለበት።

ሄለን ከአዳማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጠርሙስ እጀምራለሁ። የማንጎው ልጣጭስ?

የጉለሌው፦
ለከብት አድላቢ ስጪው፣ ቢራ ፋብሪካዎችም የገብሱን ተረፈ ምርት ለከብት መኖ ነው የሚሸጡት። ብቻ በዕለቱ ይነሳ፣ ካደረ ይቦካል።