የ1976 ሆንዳ ሲቢ550 የፊት ፍሬን፦ አየሩ ወጥቷል፣ እጀታው ግን አሁንም ለስላሳ ነው

አሮጌ_ሆንዳ
ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። አንድ የ1976 ሲቢ550 ሞተርሳይክል ገዝቼ በበረዶው ወራት ሳድሰው ከረምኩ። ሞተሩ አሁን ሸጋ ሆኗል። ያስቸገረኝ የፊት ፍሬኑ ነው። ማስተር ሲሊንደሩን (እጀታው ጋ ሆኖ ዘይቱን የሚገፋውን) በአዲስ ቀየርኩ፣ የካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) ፒስተንና ጎሚኒም እንዲሁ። ቱቦዎቹ የድሮዎቹ ናቸው፣ ከውጭ ሲታዩ ደህና ይመስላሉ። ከዚያ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ሞልቼ፣ እጀታውን እየጨበጥኩ ከታች ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን እየከፈትኩና እየዘጋሁ አረፋው እስኪያልቅ አስወጣሁ። አሁን ጠብ የሚለው ንጹህ ዘይት ብቻ ነው። እጀታው ግን እንደ ትኩስ ድፎ ዳቦ ነው፣ ስትጫነው ይገባልሃል። መሪው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው ፍሬኑ የሚይዘው። ደጋግሜ ቶሎ ቶሎ ብጨብጠውም ያው ነው፣ ለውጥ የለውም። አየሩ የት ተደብቆ ነው? ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ዶት 5 ብትጨምርበት ይሻላል አለኝ። እውነት ነው?

ካንዴላ
መጀመሪያ ዶት 5ን እርሳው። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ አንተ የሞላኸው ዶት 4 ደግሞ ግላይኮል። ሁለቱ አይደባለቁም። 5.1 የሚባለው ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ከ4 ጋር ይስማማል፣ ግን ለዚህ ሞተር አያስፈልግህም።

ወደ አየሩ ስንመጣ፣ እነዚህ ሆንዳዎች ላይ አየር የሚደበቅበት ቦታ ይታወቃል። ከማስተሩ የሚወርደው ቱቦ ከፊት መብራቱ ኋላ አንዲት መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል፣ የፍሬን መብራቱ ማብሪያ የተሰካባት ማለት ነው። አየር እዚያች ጉብታ ውስጥ ቁጭ ይላል። አንተ ከላይ ወደ ታች ስትገፋው እሱ ወደ ላይ መመለስ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ግፋው። ትልቅ ሲሪንጅ ዘይት ሞልተህ፣ በቀጭን ቱቦ ከማስወጫው ብሎን ጋር አገናኘውና ብሎኗን ከፍተህ ቀስ እያልክ ግፋ። አየሩ በማስተሩ በኩል ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣልሃል። የማስተሩ ዘይት መያዣ ሞልቶ እንዳይፈስ ግን በሌላ ሲሪንጅ እየቀነስክ።

ሞተሩን በጎን መቆሚያው አቁመው፣ ወደ ግራ ስለሚያዘነብል ማስተሩ ከፍ ይልልሃል። የቀረች ጥቃቅን አረፋ ካለች ደግሞ እጀታውን ጨብጠህ በላስቲክ ከመሪው ጋር እሰረውና አሳድረው። የቤንዚን ታንከሩን በደንብ ሸፍን! የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ከነካውም ወዲያው በውሃ እጠበው፣ በጨርቅ ብቻ ብትጠርገው ያው ይበላዋል።

ጋሽ_ቬስፓ
ልጄ፣ ቱቦው የማን ነው? የ1976 ከሆነ እኮ ዕድሜው ካንተ ሳይበልጥ አይቀርም። የጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያረጃል። ስትጨብጠው ይነፋል፣ ጉልበትህ ሸራው ጋ ሳይደርስ ቱቦው ላይ ያልቃል። አንዳንዴ ደግሞ ውስጡ ያብጥና ዘይቱን ያሳልፈዋል እንጂ አይመልሰውም፣ ያኔ ፍሬኑ ይዞ ይቀራል። እኔ ብሆን ሌላ ነገር ሳልነካ ቱቦ ነበር የምቀይረው። ሽቦ የለበሰውን ግዛ። በየመገጣጠሚያው ያሉትን የመዳብ ሮንዴላዎችም አዲስ አድርግ፣ አንዴ የተጨፈለቀ ሮንዴላ ሁለተኛ አይታመንም። ስለ ሲሪንጅ ከዚያ በኋላ እናወራለን።

አዲስ_ሞተርሳይክል
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ቱቦው መቀየሩ አይቀርም። ግን ወንድማችን አንድ ነገር ጽፏል፣ ያለፋችሁት መሰለኝ፦ ደጋግሞ ቢጨብጠውም ለውጥ የለውም። ውስጡ ብዙ አየር ቢኖር ቶሎ ቶሎ ሲጨብጠው እጀታው ከፍ እያለና እየጠነከረ ይመጣ ነበር። ይሄ ስላልሆነ እኔ አየር ነው ብዬ አልጀምርም። አንድ ነገር ሲጫን እየተለጠጠ ወይም እየታጠፈ ነው።

እዚህ አዲስ አበባ እንደዚህ ያለ ሆንዳ ብዙም አይገኝም፣ ጋራዣችን የሚመጡት አብዛኞቹ የያማሃ ዲቲ እና የሆንዳ ኤክስኤል ናቸው። የዚህን ዓይነት ካሊፐር ግን ፈትቼ አውቃለሁ። ፒስተኑ አንድ ብቻ ነው፣ በውጭ በኩል። የውስጠኛው ሸራ ዲስኩን የሚነካው ካሊፐሩ የተሰቀለባት ክንድ በፒኗ ላይ ስትዞር ነው። ያቺ ፒን ከደረቀች ወይም ከዛገች ክንዷ አትንቀሳቀስም። ያኔ ፒስተኑ ብቻውን ዲስኩን እየገፋ ያጎብጠዋል። እጅህ ላይ የሚሰማህ ልስላሴ የብረቱ መታጠፍ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አየር ስታስወጣ ብትውል አይለቅህም።

ማየት ቀላል ነው። አንድ ሰው እጀታውን ይጨብጥልህ፣ አንተ ከፊት ቁጭ ብለህ የዲስኩን ጠርዝ ተመልከት። ሲጨበጥ ወደ ጎማው ጎንበስ፣ ሲለቀቅ መለስ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። ፒኗን አውጣትና ዝገቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንሳላት፣ ለፍሬን የሚሆን ሙቀት የሚችል ግሪስ ቀብተህ መልሳት። ስትጨርስ ካሊፐሩ በእጅህ ስትገፋው መወዛወዝ አለበት።

ዲስኩ ካልታጠፈ ደግሞ ማስተሩን ለብቻው ፈትነው። ቱቦውን ከማስተሩ ላይ ፍታና ቀዳዳውን በ10 ሚሊሜትር ብሎን (የጥርሱ ርቀት 1.25) ከነሮንዴላው ድፈነው። አሁን ስትጨብጥ ድንጋይ ከሆነ ማስተሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ከሱ በታች ነው። ካልሆነ እዚያው ማስተሩ ውስጥ አየር አለ ወይም ጎሚኒው አይይዝም።

አሮጌ_ሆንዳ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዲስኩን አየሁት፣ ባለቤቴ ጨበጠችልኝ። ይታጠፋል! በዓይን ይታያል፣ ሽው ብሎ ወደ ውስጥ ይሄድና ይመለሳል። ፒኗ በመዶሻ ነው የወጣችው፣ ቡናማ ዱቄት ነበር የለበሰችው። አጽድቼ መለስኳት። ጋሼ፣ ቱቦም አዝዣለሁ፣ እስኪመጣ ግን በድሮው ሞከርኩት። እጀታው አሁን ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል፣ በጣም ነው የተለየው። አንድ ነገር ግን ቀረኝ፦ ጎማውን አንስቼ በእጄ ሳዞረው ፍሽሽ እያለ ይከብዳል። ሸራው ዲስኩን አልለቅ ብሎታል።

አዲስ_ሞተርሳይክል
ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ ክንዷ አጠገብ መቆለፊያ ዳዶ ያላት ትንሽ ብሎን አለች፣ የውስጠኛውን ሸራ ርቀት የምታስተካክለው እሷ ናት። ዳዶውን አላላ፣ ሸራው ዲስኩን እስኪነካ አዙራት፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ያህል መልስና ዳዶውን አጥብቀው። ጎማው ነጻ ሆኖ መዞር አለበት።

ሁለተኛ፣ የማስተሩን ክዳን ክፈት። የዘይት መያዣው ወለል ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፣ አንዷ በዓይን የማትታይ ናት ማለት ይቻላል። ዘይቱ የሚመለሰው በሷ ነው። አዲስ ማስተርም ቢሆን በቆሻሻ ልትደፈን ትችላለች። እጀታውን በጣም ቀስ ብለህ ነካ ስታደርገው በዘይቱ ላይ ትንሽ ፏፏቴ ብቅ ካለች ክፍት ናት። ፊትህን አታስጠጋ፣ ዓይን ውስጥ ትረጫለች። ከተደፈነች በቀጭኗ የጊታር ክር ክፈታት፣ በመርፌ እንዳትጎረጉራት ቀዳዳዋ ይሰፋል።

ካንዴላ
ፒስተኑን ስትቀይር የጎሚኒውን ቦይ ፍቀህ ነበር? ቦዩ ውስጥ ነጭ ደረቅ ነገር ይጋገራል፣ አዲሱን ጎሚኒ ወደ ፒስተኑ ይገፋውና ፒስተኑ አልመለስ ይላል። ብሎኗም ቀዳዳዋም ደህና ከሆኑ የሚቀርህ እሱ ነው።

አሮጌ_ሆንዳ
ብሎኗ ናት! ግማሽ ዙር መለስኳት፣ አሁን ጎማው ይሽከረከራል። የመመለሻዋ ቀዳዳም ክፍት ናት፣ ፏፏቴዋን አየኋት።

ጋሽ_ቬስፓ
ጎሽ። ቱቦው ሳይመጣ ግን ከሰፈር እንዳትወጣ። ስትቀይረው ዘይቱ ስለሚፈስ አየር ማስወጣቱን እንደገና ትጀምረዋለህ፣ ያኔ የካንዴላን ሲሪንጅ ሞክራት።

ካንዴላ
ጋሼ በመጨረሻ ሲሪንጄን ተቀበሏት 😄

ጋሽ_ቬስፓ
ሞክራት ነው ያልኩት።