ልጄ ገጹን በሙሉ ቢጫ ቀባው፤ ዋናውን ነጥብ መለየት እንዴት ላስተምረው?

የግመሉ አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተረት ስጡት፤ ማን ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገ ሳይጠየቅ ይዘረግፈዋል። መረጃ የሚሰጥ ጽሑፍ ሲሆን ግን መያዣ መጨበጫው ይጠፋበታል።

ትናንት ማታ የቤት ሥራው ስለ ግመል የተጻፈ ግማሽ ገጽ ነበር። ትእዛዙ «ዋና ዋና ነጥቦችን አውጣ» ይላል። ሃይላይተር ሰጥቼው ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይዞልኝ መጣ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆኗል። ያልተቀባው ርእሱ ብቻ ነው!

«እሺ፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ንገረኝ» አልኩት። «ግመል ሲናደድ ይተፋል!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

ጽሑፉ የሚያወራው ግመል በረሃን እንዴት እንደሚቋቋም ነው። ሻኛው ውስጥ ያለው ውሃ ሳይሆን ስብ መሆኑን፣ አሸዋ ሲነሳ አፍንጫውን መዝጋት እንደሚችል፣ ሽፋሽፍቱ ድርብ መሆኑን፣ ሰፊ እግሩ አሸዋ ውስጥ እንደማይሰምጥ፣ ውሃ ሲያገኝ ባንዴ ከ100 ሊትር በላይ ሊጠጣ እንደሚችል ይዘረዝራል። ምራቁ መጨረሻ ላይ ጣል የተደረገች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። «ደግመህ አንብብ!» አልኩት። ደግሞ አነበበና በቢጫው ላይ አረንጓዴ ደረበበት። ምን ይሻለኛል?

ነገሩ ቀላል ነው፦

የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይያዝ። ዋናው ሐሳብ እዚያ ነው። እኛም እንደዚያ ነው የተማርነው።

ጠመኔ በእጄ፦

ይሄ ምክር አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ጉድ ያደርጋል። ለልጆች የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ አንቀጹን የሚጀምረው በማስገረሚያ ነው። አንድ ጊዜ ይህንኑ ደንብ አስተምሬ ስለ ሌሊት ወፍ የሚያወራ ጽሑፍ ሰጠሁ። መጀመሪያው «ተዘቅዝቃችሁ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሌሊት ወፍ በጨለማ የራሷን ድምፅ ማስተጋባት እየሰማች ነፍሳትን እንዴት እንደምታድን ነው። ደብተር ስሰበስብ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል «ዋናው ነጥብ ተዘቅዝቆ መተኛት ነው» ብሎ ጽፏል። ያልኳቸውን ነው ያደረጉት፣ ምን ልበላቸው?

ወንድሜ፣ ልጅህ ሰንፎ አይደለም። «ዋና» ሲባል ለየትኛው ጥያቄ ነው? ጥያቄ ሳይዝ ስለገባ ሁሉም እኩል ሆነበት፤ ከእኩሎቹ መሃል ደግሞ የሚያስቀው አሸነፈ። ለአንተ ምራቁ ትንሽ የመሰለህ በልብህ «በረሃውን እንዴት ቻለው?» እያልክ ስላነበብክ ነው። ያልቀባው ርእሱን ብቻ ነው አልክ አይደል? በሉ ከዚያ ጀምሩ።

ሃይላይተሩን ለጊዜው ደብቀው። ርእሱን ወደ ጥያቄ ቀይሩት፤ በራሱ እጅ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ይጻፈው። ካነበበ በኋላ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ ይሸፍን። «ይቺ ባትኖር መልሳችን ይጎድላል?» ከጎደለ ትቆይ፣ ካልጎደለ ትለፍ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንተ ጮክ ብለህ እያሰብክ አሳየው። ስትጠራጠርም ይስማህ። ልጆች አዋቂ የሚጠራጠር አይመስላቸውም።

«ደግመህ አንብብ» ስላልከው ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን ገምግመው ነበር። ማስመርም ደጋግሞ ማንበብም ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ተርታ ተመደቡ። ራስን መፈተን ከፍተኛው ላይ ወጣ። ሲጨርስ ወረቀቱን ገልብጠህ ጥያቄውን ብቻ ጠይቀው።

አክስት ነኝ፦

በቲቸር ላይ ትንሽ ልጨምር። መጀመሪያ ልጁ በረሃ ምን እንደሆነ በደንብ ያውቃል? የእህቴ ልጅ ስለ እሳተ ገሞራ ስታነብ ምንም ነጥብ ማውጣት አቅቷት ነበር። ለካ «ቅልጥ ዐለት» የሚለው አልገባትም፤ ድንጋይ እንደሚቀልጥ ማን ነግሯት? አንድ አጭር ቪዲዮ አሳየኋትና ተመልሳ ጽሑፉን እንደ ውሃ ጠጣችው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጡ። በንባብ ደካማ የተባሉት ግን ጨዋታውን የሚያውቁት፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። ስለዚህ ከማንበብ በፊት አምስት ደቂቃ ብታወሩ አይከፋም።

የግመሉ አባት፦

ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። መጀመሪያ ስለ በረሃ አወራን። ከዚያ «ግመል በረሃውን እንዴት ቻለው?» ብሎ ጫፉ ላይ ጻፈ። ሻኛውን ሸፈነና «ኧረ ይራባል!» ብሎ ቶሎ ጣቱን አነሳ። ምራቁ ላይ ሲደርስ ቆየ። ጣቱን አስቀምጦ አየኝ፣ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «ባይተፋም ይኖራል» አለ በመጨረሻ፣ እያዘነ።

100 ሊትሩ ላይ ግን ተጣላን። እሱ «ባንዴ ብዙ ይጠጣል» ይበቃል ይላል። እኔ ቁጥሩ ይግባ ባይ ነኝ። ቲቸር፣ ይፍረዱን።

ጠመኔ በእጄ፦

ለእሱ ፈርጃለሁ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ «ባንዴ ብዙ ይጠጣል» ነው፣ ቁጥሩ ማስረጃው ነው። ማስረጃውን ግን በቅንፍ ያስቀምጠው። ነገ «ብዙ ማለት ስንት?» የሚል ይመጣበታል።

የግመሉ አባት፦

ፍርዱን ነገርኩት፣ ኮራብኝ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ የዚያው ጽሑፍ ቅጂ ይዞ መጣ። ጫፉ ላይ «ግመል ሲናደድ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጽፏል። ገጹን በሙሉ በመዳፉ ሸፍኖ ከታች አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀርቷል። የምለው ጠፋኝ። ሃይላይተሩን መለስኩለት።